ውሃ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል የሚለውን እንዴት ታውቃላችሁ (በሳፋ፣ በጆግና በሱቅ ሚዛን)

ባቄላ ስታጥቡ ከላይ የሚንሳፈፈውን ነቀዝ የበላው ነው ብላችሁ ለቅማችሁ ትጥሉታላችሁ አይደል? እኛ ቤት እማዬ ሳፋ ላይ ውሃ ታደርግና ባቄላውን ገልብጣ በእጇ ታማስለዋለች፣ ደህናው ከስር ይቀራል የተበላው ከላይ ይሰበሰባል፣ ዳር ዳሩን በመዳፏ ትገፈዋለች በቃ። ነቀዝ የበላውን ባቄላ ከውጭ ብታዩት ከደህናው ብዙም አይለይም እኮ፣ ልጣጩ አለ፣ መጠኑም ያው ነው፣ ግን ውስጡ ስላለቀ በዛው ስፋት ክብደቱ ቀንሷል። ውሃ ደሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ ስንት ቦታ ያዝክ፣ ስንትስ ትመዝናለህ። መርከብም ጀልባም ጀሪካንም የሚዳኙት በዚሁ ነው።

ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት በልጆች ምክንያት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንደ ጣና ያለ ሐይቅ የለንም፣ ስለዚ የጀልባ ነገር ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም፣ ግን ክረምት ላይ በረሳ ወንዝ ሲሞላ ያየ፣ ቆላው ላይ ሸዋሮቢት አካባቢ ደራሽ ሲመጣ ያየ፣ በየቀበሌው ለመስኖና ለከብት ተብሎ የተቆፈረ ኩሬ አፉ ድረስ ሞልቶ ያየ ሰው እንደዛ አይልም። ልጆች ጀሪካን በገመድ ያስሩና ጀልባ ሠራን ብለው ይገባሉ፣ ይይዘናል አይይዘንም የሚለውን የሚያውቁት ከገቡ በኋላ ነው። ይሄ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ሒሳቡም መደመር መቀነስ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፣ 5ኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል።

መጀመሪያ ነገሩን በክንዳችሁ እወቁት። ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዱ ባልዲው ሞልቶ ግን ገና ውሃው ውስጥ እያለ ገመዱን ሳቡት፣ ቀላል ነው፣ ባዶ ባልዲ የምትስቡ ነው የሚመስላችሁ፣ ልክ ከውሃው ገጽ ብቅ ሲል ደሞ ክንዳችሁን ወደ ታች ይጎትተዋል። ባልዲው እዛው ላይ አልከበደም፣ ከስር ይገፋላችሁ የነበረው ውሃ ነው የቀረው። ጉድጓድ ከሌላችሁ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ ግማሹ ሲገባ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ስትለቁት ይፈናጠራል። ምን ያህል ነው የሚገፋው ካላችሁ መልሱ ከ2200 ዓመት በፊት ሲራኩስ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው አርኪሜደስ የሚባል የግሪክ ሊቅ የደረሰበት ነው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ቦታ ይይዛል፣ እዛ ቦታ ላይ የነበረው ውሃ ይገፋል፣ የተገፋው ውሃ ስንት ይመዝናል፣ ውሃውም ዕቃውን ወደ ላይ የሚገፋው በዛችው ልክ ነው። 1 ሊትር ውሃ ደሞ 1 ኪሎ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይቺን ነው የምላችሁ፣ የተገፋ 1 ሊትር 1 ኪሎ ይሸከማል።

ለምንድነው ታዲያ ሚስማር የሚሰምጠው ብረት መርከብ ግን የማይሰምጠው? የድልህ ቆርቆሮ ፈልጉ፣ ክዳኑ የተከፈተ ባዶውን። አጥባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ውሃ ላይ አስቀምጡት፣ ይንሳፈፋል (ጠበብና ረዘም ያለ ከሆነ ዘንበል ይላል፣ ትንሽ ጠጠር ከስሩ ጣሉበት ይቆማል)። ከዛ አውጡትና በመዶሻ ቀጥቅጡት፣ አጣጥፋችሁ ደግማችሁ ቀጥቅጡት አየር እንዳይቀርበት፣ አሁን ውሃው ላይ ጣሉት። ድንጋይ ነው። ቆርቆሮው አንድ ግራም አልጨመረም አልቀነሰም፣ የያዘው ቦታ ነው ያነሰው፣ መጀመሪያ ከነአየሩ ግማሽ ሊትር ምናምን ይገፋ የነበረው አሁን የሚገፋው የራሱን ብረት የምታህል ጠብታ ውሃ ነው። ብረት ለብቻው ከእኩል መጠን ውሃ ወደ 8 እጥፍ ይከብዳል፣ በአየር ሲሞላ ግን ድምሩ ከውሃ በታች ይሆናል፣ ዴንሲቲ (እፍግታ) የሚሉት ይሄው ነው፣ ክብደት (በኪሎ) ለመጠን (በሊትር) ሲካፈል። ከ1 በላይ ከሆነ ወደ ታች ከ1 በታች ከሆነ ወደ ላይ።

እንጨትም ቢሆን ሁሉም ይንሳፈፋል ብላችሁ አትመኑ፣ ገና የተቆረጠ እርጥብ ባህር ዛፍ ውሃው ሳይወጣለት ውሃ ላይ ብትጥሉት ገጹ ድረስ ይገባል አንዳንዱም ይሰምጣል፣ እርጥብ ወይራማ ጭራሽ አይንሳፈፍም፣ የደረቀ ጽድ ግን ግማሹን ከውሃ በላይ አድርጎ ይተኛል። ጣና ላይ ያሉት የደንገል ታንኳ ሠሪዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው፣ ሲውል ሲያድር ግን ውሃ ይመጥጣል ይከብዳል፣ ስለዚ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ማንኛውም ውስጡ ጎድጓዳ የሆነ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሸከም ለማወቅ በጆግ ውሃ እየለካችሁ ሙሉት፣ ስንት ሊትር ያዘ? በሱ ፋንታ ኪሎ በሉት። ከዛ ባዶውን ዕቃ ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑትና ቀንሱ። ለምሳሌ 6 ሊትር የሚይዝ 2 ኪሎ የሚመዝን ድስት ቢኖር እስከ አፉ ድረስ 6 ኪሎ ነው፣ የራሱ 2 ሲቀነስ 4 ኪሎ ይጭናል ማለት ነው። ግን እስከ አፉ ማለት ትንሽ ማዕበል ቢመጣ ውሃ ይገባል ማለት ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ ከጠቅላላው ሲሶውን እተዋለሁ፣ 6 የነበረው 4 ይሆናል፣ 2 ሲቀነስ 2 ኪሎ። ግማሽ ኪሎ ፓስታ 4 እሽግ መሀል ላይ ደርድሩበትና እዩት፣ ድስቱ ሲሶው ከውሃ በላይ ሆኖ ይቆማል። መጀመሪያ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከውጭ በኩል ውሃው እስከዚህ ይደርሳል ብላችሁ በከሰል አስምሩ፣ ከዛ ነው ማስቀመጥ። ልጆች ያሰመሩት ላይ ውሃው ሲቆም ፊታቸውን ብታዩ ደስ ይላል፣ እኔ ይቺን ሰዓት ነው የምወዳት።

ቆርቆሮ ቆርጣችሁ አራት ማዕዘን ጀልባ የምትሠሩ ከሆነ ደሞ ውሃ መሙላት እንኳ አያስፈልግም። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ወርዱ 40 ቁመቱ 15 ይሁን። 60 በ40 ስታባዙት 2400 ነው፣ ይሄ ማለት ጀልባው 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውሃው በገባ ቁጥር 2400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገፋል፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ይሸከማል። ባዶው 3 ኪሎ ቢመዝን ገና ከመጀመሪያው 1.25 ሴንቲ ሜትር ይገባል። 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ እንዲገባ ብትፈቅዱለት (5 ከላይ ይተርፋል) ጠቅላላ 24 ኪሎ፣ የራሱ 3 ሲወጣ 21 ኪሎ ጭነት። ወርዱን ብታሰፉት በሴንቲ ሜትር የሚሸከመው ይጨምራል፣ ለዛ ነው ብዙ የሚጭን ጀልባ ሰፋ ብሎ የሚሠራው።

ይሄንኑ ሒሳብ መኪና ላይ አምጡትማ፣ ምክንያቱም በኛ አካባቢ ሰው የሚጎዳው ከጀልባ ይልቅ በዚህ ነው። መኪና መስኮትና በሩ ተዘግቶ ደራሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለጊዜው ጀልባ ነው የሚሆነው። ርዝመቷ 4 ሜትር ወርዷ 1 ሜትር ተኩል የሆነች 1500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ብትሆን ስፋቷ 6 ካሬ ሜትር ነው፣ ውሃው ከወለሏ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 600 ኪሎ ያነሳላታል። 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ 1500 ኪሎዋ ሙሉ በሙሉ በውሃው ተይዟል፣ ጎማው መሬት ቢነካም አይጨብጥም፣ ከጎን የሚመጣው ወራጅ እንደፈለገ ይወስዳታል። መኪናዋ ከባድ ናት አትንሳፈፍም የሚል ሹፌር ያልቆጠረው የራሱን ባዶ ቦታ ነው፣ ውስጧ እኮ አየር ነው። ብዙ መኪና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ይወስደዋል፣ ይሄ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ደራሽ እስኪያልፍ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ውሃው የሚጎድለው በሰዓታት ውስጥ ነው።

እስካሁን 1 ሊትር 1 ኪሎ እያልኩ የመጣሁት ውሃው ንጹህ ከሆነ ነው። ውሃው ራሱ ሲከብድ የሚያነሳውም ይጨምራል። አንድ ትኩስ እንቁላል ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አስገቡ፣ ይሰምጣል (ከተንሳፈፈ የቆየ ነው፣ በቅርፊቱ በኩል እርጥበቱ እየወጣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ነው፣ አትብሉት)። እንቁላሉን አውጡና 4 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ፣ መልሳችሁ አስገቡት። አሁን ወደ ላይ ይመጣል፣ ካልመጣ ግማሽ ማንኪያ ጨምሩ። ከዛ ደሞ ንጹህ ውሃ በብርጭቆው ግድግዳ በኩል በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት፣ እንቁላሉ ከስር ካለው ጨዋማና ከላይ ካለው ንጹህ ውሃ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። አፋር ያለው የጨው ሐይቅ ውስጥ የገባ ሰው የማይሰምጠው ለዚህ ነው፣ ሙት ባሕር ላይ ደሞ 1 ሊትሩ 1.24 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ ጋዜጣ ያነባል።

ተራ የባህር ውሃ 1.025 ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል፣ ግን ከባህር ወደ ወንዝ ወደብ የሚገባ መርከብ ባህር ላይ 10 ሜትር ጠልቆ ከነበረ ወንዙ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሮ ይገባል፣ ምንም ሳይጫንበት። ለዚህ ነው የመርከብ ጎን ላይ ብዙ መስመር አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሮ የምታዩት፣ አንዱ የክረምት ባህር አንዱ የበጋ አንዱ የሞቃት ባህር፣ ከላይ ያሉት ደሞ የጨው አልባ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ባህር ላይ ማዕበሉ ስለሚከፋ ብዙ እንዳይጭኑ ነው። ይሄን መስመር በእንግሊዝ ሕግ ያደረገው ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ነው፣ እ.ኤ.አ. 1876። ከዛ በፊት ባለመርከቦች አለቅጥ እየጫኑ መርከበኞች ያልቁ ነበር፣ እሱ ደሞ ዓመታት ሙሉ ተሟግቶ ነው ያስወሰነው። እኔ እናንተ ድስት ላይ በከሰል አስምሩ ያልኳችሁ መስመር የዛ ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ ክብደት ሲነሳ ከፍታስ ለውጥ አያመጣም ወይ የሚል ጥያቄ ልጆች ይጠይቁኛል፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ላይ ስለሆነች። አያመጣም። የምድር ስበት ትንሽ ቢቀንስ ለዕቃውም ለውሃውም እኩል ስለሚቀንስ ድስቱ ደብረ ብርሃን ላይም ሸዋሮቢት ላይም ያው መስመር ላይ ነው የሚቆመው። ብርዳችን ግን ለውጥ ያመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ያደረ ጠዋት ደጅ ያደረ ባልዲ ውሃ ብታዩ በረዶው የሚሠራው ከላይ ነው፣ ከስር ውሃ ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ይከብዳል፣ ከዛ በታች ግን መልሶ ይቀላል፣ በረዶ ሲሆን ደሞ መጠኑ በ9 በመቶ አካባቢ ይሰፋል፣ ስለዚ ይንሳፈፋል፣ ሞልቶ ያደረ ጠርሙስም የሚፈነዳው በዚሁ ነው። ሲንሳፈፍ ግን ከ10 እጁ 9ኙ ውሃ ውስጥ ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. 1912 ታይታኒክን የመታው የበረዶ ተራራ አብዛኛው አካሉ የማይታየው ለዛ ነበር። ዘይትና ላምባም ከውሃ ስለሚቀሉ ከላይ ይሆናሉ፣ እና እባካችሁ የነደደ ዘይት ላይ ውሃ አትድፉ፣ ውሃው ከስር ገብቶ ይፈላና ዘይቱን ከነእሳቱ ወደ ላይ ይረጨዋል። ክዳን ድፉበት።

ወተት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰሜን ሸዋ ወተት አገር ስለሆነ። ወተት መሰብሰቢያ ላይ ወተታችሁ ውስጥ የሚያስገቧት ረጅም የብርጭቆ ዘንግ፣ ላክቶሜትር የሚሏት፣ እሷ ራሷ ትንሽ ጀልባ ናት። ሆዷ ላይ ክብደት አላት፣ አንገቷ ላይ ቁጥር፣ ወተቱ ከከበደ ከፍ ብላ ትቆማለች ከቀጠነ ትሰምጣለች። ደህና ወተት 1 ሊትሩ 1.030 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 10 በመቶ ውሃ ብትጨምሩበት 1.027 ይሆናል፣ ያቺን 3 ነጥብ ነው የምታነበው። አክስቴ አንድ ጊዜ ገና አልባ በትኩሱ ወሰደችና ውሃ ጨምረሻል ተብላ ከነወተቷ ተመለሰች። ቦታውን አልናገርም፣ ግን እሷ ያን ቀን ስትመጣ የነበራትን ፊት አልረሳውም፣ ሰው መሀል አጭበርባሪ መባል ከወተቱ ዋጋ በላይ ነው ያሳመማት። ውሃ አልጨመረችም። ከጡት የወጣ ወተት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሞቃት ነገር ይሳሳል፣ አረፋም በውስጡ አለ፣ መሣሪያዋ ደሞ የምትነበበው በተወሰነ ሙቀት ነው፣ ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ፣ ራሷ ላይ ተጽፏል። ስለዚ ወተት የምታስረክቡ ሰዎች ወተቱ እስኪበርድና አረፋው እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከስር እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ አማስሉት (ቅባቱ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል)፣ ቴርሞሜትር አብሮ እንዲገባም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ክሬሙ የተገፈፈለት ወተት ደሞ በተቃራኒው ከብዶ ነው የሚታየው፣ ስለዚ ይቺ ዘንግ ብቻዋን ፈራጅ መሆን የለባትም።

እሷን የመሰለች ቤት መሥራት ትችላላችሁ። ስትሮ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ በማስቲካ ወይ በቀለጠ ሻማ ድፈኑ፣ በክፍቱ በኩል ትናንሽ ሚስማር ወይ አሸዋ ጨምሩ ቀጥ ብላ እስክትንሳፈፍ፣ ውሃው የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። ከዛ እንቁላሉ የነበረበት የጨው ውሃ ውስጥ አስገቧት፣ መስመሩ ከውሃው በላይ ይወጣል። ይሄ በትንሽ ወጪ የሚሠራ የትምህርት መርጃ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። መንሳፈፍና አለመገልበጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ብሎ የቆርቆሮ ጀልባ ሠራ፣ ቤት ሳፋ ላይ ጠጠር ጭነንበት አንድም ችግር አልነበረበትም፣ ኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ማታ ግን ሞተርና ባትሪ ጨመረበት፣ ከስር ቦታ ስላጣ ከላይ በእንጨት ማማ ላይ አስቀመጠው። ክብደቱ ከጠጠሩ ያነሰ ነበር። ጠዋት ውሃ ላይ ስናስቀምጠው ወደ ጎን ዘንበል አለ፣ አልተመለሰም፣ ተገለበጠ። ልጁ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አዘንኩ ምክንያቱም ያስተማርኩት ግማሹን ብቻ ነበር። ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ትንሽ ዘንበል ሲል ራሱ ክብደቱ ጨርሶ ይጥለዋል፣ ወደ ታች ሲሆን ግን መልሶ ያቆመዋል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. 1628 ቫሳ የሚባል ትልቅ የጦር መርከብ ሠርተው ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያ ጉዞውን ሲጀምር 1300 ሜትር ገደማ እንደሄደ በተራ ንፋስ ዘንበል ብሎ በመድፍ መስኮቶቹ ውሃ ገብቶ ሰመጠ፣ ከላይ በጣም ከብዶ ስለነበረ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1961 አውጥተውት አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው። የኛ ልጅ ባትሪውን ከወለሉ ጋር በፕላስተር አጣብቆ፣ ማማውን አጭር አድርጎ፣ በሁለቱም ጎን ክዳኑ የተዘጋ ሃይላንድ አሰረበት፣ ከሰዓት በኋላ እየዞረ ዋለ።

ለመሞከር ቀላሉ መንገድ ጭነቱን ከጫናችሁ በኋላ ዳሩን በአንድ ጣት ተጫኑና ልቀቁት። ቶሎ ተመልሶ ከቆመ ደህና ነው፣ እየተንገዋለለ ከዘገየ ከላይ ቀንሱ ወይ አስፉት። ውስጡ የገባ ውሃ ደሞ ከጭነት ሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ጀልባው ዘንበል ባለበት አቅጣጫ ሁሉም እዛ ይሮጣል። ሳፋ ግማሽ ውሃ ሞልታችሁ ተሸክማችሁ ስትሄዱ እንዴት እንደሚጥላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያው ነው። ለዛ ነው መርከብ ውስጥ ግድግዳ እየተሠራ በክፍል በክፍል የሚከፈለው። ታይታኒክ 16 እንደዚህ ዓይነት ክፍል ነበረው፣ ከፊት 4ቱ ቢሞሉ እንኳ ይንሳፈፍ ነበር፣ በረዶው ግን ከዛ በላይ ቀደደው፣ ግድግዳዎቹም እስከ ላይ አልደረሱም ነበርና ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ሞላው።

በመጨረሻ ወደ ጀሪካኑ። 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ባዶው 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚ 19 ኪሎ ያነሳል። 4ቱን ብታስሩ ጠቅላላ 80 ኪሎ፣ ሲሶውን ስትተዉ 53 አካባቢ፣ የጀሪካኖቹ 4 ኪሎና የምታስሩበት እንጨት 12 ኪሎ ቢሆን እሱም ሲቀነስ 37 ኪሎ አካባቢ፣ ማለትም አንድ ልጅ እንጂ ሁለት አይደለም፣ ያውም መሀል ላይ ከተቀመጠ፣ ከቆመ ይገለብጠዋል። አንዱ ክዳን ቢላቀቅ 19ኙ ይጠፋል፣ በአንድ ጎን ስለሚጠፋ ደሞ ወዲያው ነው የሚዞረው። እኔ ልጆች ይሄን ሠርተው ኩሬ ላይ እንዲገቡ አልፈልግም፣ በድንጋይ ጭነው ከዳር ሆነው በገመድ እየሳቡ ይማሩበት፣ ሰው አይሳፈርበት። የመስኖ ኩሬ ዳሩ ሸራ የተነጠፈበት ከሆነ አንዴ ከገቡ በኋላ ያንሸራትታል፣ ዋናተኛም ቢሆን መውጫ ያጣል።

ያ ጀሪካን ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። የሰው ሰውነት ከውሃ ጋር ክብደቱ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ሳንባው አየር ሲሞላ ከውሃ ትንሽ ይቀላል ሲያስወጣ ትንሽ ይከብዳል፣ ስለዚ አንድ ሰው አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ እንዲሆን የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፣ ብዙዎቹ ተራ የህይወት ማዳኛ ጃኬቶች የሚያነሱት 7 ኪሎ አካባቢ ነው። ጀሪካናችሁ 19 ያነሳል። ኩሬ ያላችሁ ሰዎች አንድ ባዶ ጀሪካን ውስጡ አንድ ሁለት ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ (ጭራሽ ባዶ ከሆነ ንፋስ ይመልሰዋል፣ ሩቅ አይወረወርም) ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ እጀታው ላይ ከኩሬው ወርድ የሚረዝም ገመድ አስራችሁ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ዳር ላይ በተተከለ እንጨት ላይ አስራችሁ አስቀምጡት። ሰው ሲገባ ዘላችሁ ከመግባት በፊት እሱን ነው የምትወረውሩት፣ በደረቱ ሥር አቅፎ ይይዘዋል እናንተ ከዳር ትስቡታላችሁ። ክረምት ሲገባ ክዳኑን አውጥታችሁ ጎማው እንዳልተሰነጠቀ እዩት፣ ገመዱንም ሳብ ሳብ አድርጉት፣ እና ይሄ ጀሪካን ውሃ አይቀዳበትም ብላችሁ ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ።